ዳኛው «ይቻቻሉ» ያለ ዕለት

ሄሎ… አንተ ይበልጣል። ይቀዳል መሰለኝ፣ መቁጠር ጀምሯል። በል ስማኝ። ሽማግሌ ጨዋታ ሲጀምር «በእኛ ጊዜ» ይል የለ፣ በእኛ ጊዜ ወንድም እንዲህ ነበር፣ እህት እንዲህ ነበረች እያለ፤ እኔም ጢሜ ሳይሞላ አስረጅታችሁኛልና ልበልህ፦ በእኛ ጊዜ፣ በእኔና በአንተ ጊዜ ማለቴ ነው፣ የአንድ እናት ልጆች የሚገናኙት ችሎት ነው። ሰርግ አይደል፣ ልቅሶ አይደል፣ ችሎት!

እና እንዳትቆርጠኝ። ደውዬ ላወራህ ነበር፣ «ሥራ ላይ ነኝ ሙሉቀን፣ በድምፅ ላክልኝ» አልህ። ይኸው በድምፅ። እንጅባራ መናኸሪያ በር ላይ ባጃጄን አቁሜ፣ ዝናቡ ሸራውን እየደበደበው ነው የማወራህ፣ ካልተሰማህ ጆሮህ ላይ ለጥፈው። ዛሬ ልሰድብህ ነው የመጣሁት። ግን መጀመሪያ ልንገርህ፣ አንተ የደረስኸው ጭራው ላይ ነዋ። እኛ እዚህ ስንባላ አንተ ባሕር ዳር ሕግ ትማር ነበር፣ ከዚያም እዚያው ጠበቃ ቢሮ ገባህ፣ እናትህም «ልጄ እንዳይሳቀቅ» እያለች ግማሹን አልነገረችህም። ስለዚህ ከራሱ ስማው።

አያታችን ሞተ። ዘንገና ያለችውን መሬት ትቶ ሞተ። ልጆቹ ስንት ናቸው? ሁለት! አባቴና እናትህ፣ አለቀ። አሥር ቢሆኑ እሺ፣ ተሻሙ እንላለን፤ ሁለት ሰው አንድ መሬት መካፈል ያቅተዋል? አቃታቸው። አባቴ መሬቷ ላይ ዲከረንስ፣ ያን የከሰል ዛፍ፣ ተክሎባት ነበር፣ ያው እንዳገሩ ሰው አክስሎ ሊሸጥ። እናትህ፣ እቴ ጥሩ፣ መጣችና «ጋሼ፣ የአባቴን ድርሻ» አለች። አባቴ ደግሞ «የሴት መሬቷ ባሏ ቤት ነው፣ ጥሊሊ አለልሽ» አላት። ተሳስቷል። አባቴ ነው ግን ተሳስቷል፣ በፊቱም ብዬዋለሁ፣ ከዘራ አንስቶብኛል። ታዲያ እሷ ከሰሰች። እና ወረዳ ሄደ፣ ከወረዳ ዞን ሄደ፣ ከዞን «እንደገና ይጣራ» ተብሎ ወረዳ ተመለሰ፣ እና ዛፉ አደገ፣ እና እኔ አደግሁ፣ እና ነገሩ አላደገም፣ እዚያው ነው!

ቀጠሮ ሲሆን ደግሞ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? አታውቅም። እናትህ ጥሊሊ ላይ በጠዋቱ ሚኒባስ ትሳፈራለች። ያው ሚኒባስ ዘንገና ሲደርስ አባቴ እጁን ያነሳል። ሌላ መንገድ አለ? የለም! እና ረዳቱ በሩን ይከፍትና «ጠጋ በሉ እናት፣ ጠጋ፣ ለአባት ቦታ!» ይላል፣ ትጠጋለች፣ ይቀመጣል። ትከሻ ለትከሻ! ሊካሰሱ የሚሄዱ ሰዎች፣ በአንድ ወንበር፣ እንጅባራ ድረስ ትንፍሽ ሳይሉ። አንድ ቀን ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ መልካቸውን አየና፣ ቁርጥ አንድ ናቸው እኮ፣ ያ አፍንጫ፣ «አብራችሁ ናችሁ? የሁለታችሁን ባንድ ልቀበል?» አላቸው። እናትህ «የየራሳችን!» አለች። አባቴም እኩል፣ ባንድ አፍ፣ «የየራሳችን!» ረዳቱ «እንዲህ የሚስማማ ሰው አይቼ አላውቅም» ብሎ ሚኒባሱን ሙሉ አሳቀው። እነሱ አልሳቁም።

እኔ እዚሁ በር ላይ እጠብቃለሁ። አባቴ ወርዶ ባጃጄ ውስጥ ይገባል። እናትህ ዝናብ ላይ ትቆማለች። «አባዬ፣ እቴ ጥሩም ትግባ እንጂ፣ ያው ወደ አንድ ቦታ ነን» ስለው «ንዳ!» «ዝናብ ነው እኮ አባዬ!» «ንዳ አልሁህ! የከሰሰችኝን ሴት በልጄ ባጃጅ?» አድርሼው፣ ተናድጄ፣ ተመልሼ እመጣና «ይግቡ እቴ» ስላት እሷ ደግሞ ምን ትለኛለች? «የአባትህን ነዳጅ አልነካም ልጄ፣ ኋላ ኪሳራ ብሎ ይጠይቀኛል።» ሳቅ ብላ እንኳ አይደለም! የምሯን ነው! ነጠላዋ ላይ ላስቲክ ጣል አድርጋ በእግሯ ትሄዳለች።

ወጪ ስትል ደግሞ… አየህ፣ አንተ ወጪ ስትል ወረቀት ላይ ነው የምታውቀው። አባቴ ያን ዳማ ፈረሱን ሸጠ። ለጠበቃ። አገው ፈረሱን ሸጦ ጠበቃ ሲቀጥር አስበው! የፈረሰኞች በዓል ዕለት አገሩ ሁሉ ሲጋልብ፣ አባቴ «ጥርሴን አሞኛል» ብሎ በሩን ዘግቶ ዋለ። አንድ ጥርስ አልታመመውም። እናትህም ያችን ጊደር፣ እርጉዟን፣ ሸጠች፣ አንተን «ለኪራይህ ነው» ብላሃለች አይደል? ለኪራይህ አልነበረም ወንድሜ።

ሽማግሌ የለም ወይ ትላለህ። ነበረ እንጂ! ሽማግሌዎች ደጋግመው ገብተው ደጋግመው ተረግጠው ወጡ፣ በመጨረሻ «ከእንግዲህ በእነዚህ ሁለት መካከል እግራችንን አናስገባም» ብለው ማሉ። እሺ።

…አልሄድም እናቴ! ቆሜ ነው፣ ያኛውን ይያዙ። ያኛውን፣ ሰማያዊውን!…

የት ነበርሁ? አዎ፣ የፍርዱ ቀን። እኔ ነበርሁ። ዳኛው ለእናትህ አስተርጓሚ ላምጣላት ብሎ ነበር፣ በአገውኛ እንድትሰማ። እናትህን ታውቃታለህ፣ ተቆጣች። «አስተርጓሚ? ድንቼን ገበያ የምሸጠው በምን ቋንቋ መሰለህ ጌታዬ? አማርኛ እሰማለሁ!» አለች። ዳኛውም ፈገግ ብሎ ማንበብ ጀመረ። እንደሚያነቡት ታውቃለህ፣ ዝናብ እንደሚያሳድደው ሰው። መሬቱ እኩል ይካፈል፣ ዛፉም እኩል፣ እና መጨረሻ ላይ «ግራ ቀኙ ወጪና ኪሳራቸውን ይቻቻሉ፣ መዝገቡ ተዘግቷል» አለ። እኛ ስንሰማ ምን ማለት ነው? የከሳሽም የተከሳሽም ወጪ በየራሱ ይቅር፣ ማንም ማንንም አይጠይቅ ነው። እናትህ ምን ሰማች? «ይቻቻሉ»ን ሰማች። እሱን ብቻ! አንዱ ሌላውን ይቻል፣ ታረቁ፣ ተዋደዱ!

ስንወጣ በረንዳው ላይ ሮጣ አባቴ ፊት ቆመች። ከከሰሰችው ወዲህ አንድ ቃል ያልተናገረችው ሴት! «ጋሼ፣ ሰማህ አይደል ዳኛው ያለውን?» አለችው። አባቴ ስላሸነፈችው የምትኩራራበት መሰለው። «ሰምቻለሁ» ብሎ ሄደ።

ታዲያ እሑድ ጠዋት ውሻው ጮኸ። ስወጣ እናትህ፣ ጠላ በጀሪካን ተሸክማ፣ አጥሩ ጋ ቆማለች። አንተም አብረሃት ከጥሊሊ መጥተህ ነበር፣ ግን አንተ የት ሄድህ? ሐይቁ ጋ ፎቶ ልትነሳ ቀረህ! ምነው እዚያው በቀረህ! እና አባቴ ከጓሮ እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያውን እንደያዘ መጣ። እናቴ «በስመ አብ» አለች። እቴ ጥሩም ሳትፈራ፣ በዚያ አማርኛዋ፣ ረጋ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ዳኛው ተቻቻሉ ብሎናል። የመንግሥት ቃል ነው። እኔ እንግዲህ ልችልህ መጥቻለሁ። አንተም ቻለኝ» አለችው።

ይበልጣል፣ ስማኝ። አባቴ ያውቃል። ጠበቃው ቃል በቃል አስረድቶታል፣ የቃሏን ትርጉም ከእኔ በላይ ያውቀዋል። እና እኔ አፌን ልከፍት ስል፣ የእኔ ነገር መቼም፣ በዓይኑ ዘጋኝ። አየኝ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠና፣ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አዎ፣ ብሏል» አላት። «ምን ይደረግ ጥሩ፣ የመንግሥት ትእዛዝ ነው። እምቢ አይባል። ግቢ።»

ገባህ? ሁለቱም ታዝዘው ነው! ማንም አልተሸነፈ፣ ማንም አልለመነ፣ ዳኛ አዞን ነው! አንዲት ቃል ሽማግሌ ሁሉ ያቃተውን ጨረሰች!

ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ልበልህ። እናቴ ዶሮ ያዘች። እነሱ በአገውኛ ጀመሩ፣ እኔ እንኳ ያልሰማሁትን የልጅነት ቃል እያወጡ። አባቴ እናትህ በልጅነቷ ከፈረስ የወደቀችበትን ተረከ፣ እሷ ደግሞ «ገፍትረኸኝ ነው!» አለች፣ እሱ «እናቴ ትሙት አልገፋሁሽም» አለ፣ እና ሳቁ፣ እናትህ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትይዛለች አይደል፣ እንደዚያ። ዛፉን ባንድ አክሳይ ባንዴ እናስቆርጠዋለን፣ ሁለት ጊዜ መጋዝ ኪራይ ለምን እናወጣለን አሉ። አባቴ «ከድርሻዬ አንቺን ባለፈው የጎዳሁሽን…» ብሎ ጀምሮ ነበር እኮ! ጀምሮ ነበር! ልክ እሱን ሊጨርስ ሲል ማን ገባ?

አንተ!

ስልክህን ይዘህ፣ ጫማህ ጭቃ ሆኖ፣ «እንዴት ዋላችሁ፣ አጎቴ እንደምን አሉ» ብለህ። እሺ፣ ጨዋ ነህ፣ ከደንቡ አልወጣህም። እናትህ ደስ ብሏት፣ ኮርታ፣ «ይኸው ልጄ፣ ሕግ የተማረው! ንገራቸው እስቲ፣ ዳኛው ምን አለን?» አለችህ። ለመኩራት ነው የጠየቀችህ! መልስ ፈልጋ አይደለም! ሰው እናቱ ስትኮራ «አዎ እማዬ» ይላል፣ በቃ። አንተ ግን ስልክህን ከፈትህ። የውሳኔውን ፎቶ አወጣህ። አባቴ «እህህ» ብሎ ሳለ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር እግርህን መታሁህ። እናቴ «ብላ ልጄ፣ ብላ፣ ይበርዳል» እያለች አጎረሰችህ፣ አንተ ጉርሻውን ዋጥ አድርገህ «ቆይ እማዬ፣ ቆይ፣ ይሄ ቴክኒካል ቃል ነው» አልህ። ቴክኒካል! «ይቻቻሉ ማለት በሕግ ቋንቋ ተስማሙ ማለት አይደለም፣ እያንዳንዱ ተከራካሪ የራሱን ወጪ ይሸፍን ማለት ነው።»

እቴ ጥሩ ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ። «እና… ታረቁ አላለንም?»

አንተ ደግሞ ሳቅህ! «ኧረ እማዬ፣ ዳኛ ምን አገባው!»

«ማን ነው ታዲያ የላከኝ?» አለች።

እኔ እስካሁን ይሰማኛል። «ማን ነው ታዲያ የላከኝ?» ከዚያ ዞረች ወደ አባቴ። «አንተ ታውቅ ነበር?» ዓይኑን ሰበረ። ውሸታም አይደለማ፣ ምን ይበል! «ጋሼ፣ ታውቅ ነበር?» «ጥሩ፣ እኔኮ…» «ስትስቅብኝ ነዋ የዋልህ! አማርኛ አታውቅም ብለህ! በራሴ እግር፣ በራሴ ጠላ፣ ደጅህ መጥቼ ስለምንህ!» «አልሳቅሁብሽም ጥሩ፣ እግዜር ያውቃል አልሳቅሁብሽም» አላት፣ ግን አለቀ። ተነስታለች። «የየራሱን ወጪ ይሸፍን? ለምን እሸፍናለሁ? ነገሩን የጀመርኸው አንተ፣ ድርሻዬን የከለከልኸኝ አንተ፣ የተፈረደብህ አንተ! ጊደሬን ክፈለኝ!» እሱም ሰው ነው፣ ተቆጣ፣ «ፈረሴንስ? ፈረሴን ማን ይከፍለኛል?» አላት። እና «ጊደሬን!» «ፈረሴን!» «ጊደሬን!» «ፈረሴን!» ዶሮው ገበታው ላይ ነበር እኮ!

አንተስ ምን አደረግህ? ይኸን ነው የማልረሳልህ። መሃል ገብተህ ታስታርቃለህ ስል፣ «በወጪው ላይ ብቻ ከሆነ ይግባኝ ማለት ይቻላል» አልህ። ይቻላል! ሌላ የሚቻል ነገር ጠፋህ?

እና ጻፍህላት። ሰኞ ጻፍህላት፣ ማክሰኞ ባሕር ዳር ገባህ። ለአባቴ መጥሪያ ደረሰው፣ ከመጥሪያው ጋር ደግሞ የዛፉ እግድ፣ የወጪ ክርክሩ እስኪያልቅ እንዳይቆረጥ። ዛፉን ደግሞ በሽታው ገብቶበታል፣ ያ እንደ ዝገት የሚያለብሰው፣ አገሩን ሁሉ የፈጀው። የአባቴንም እየበላ ነው፣ የእናትህንም እየበላ ነው፣ በሽታው እኩል ነው የሚካፈለው፣ ከዳኛው በላይ ያውቃል! እሱም ይቅር፣ ዛፍ ነው። ሰዎቹን ግን ማን ይመልሳቸዋል?

እናትህ ዘንድ ሄጃለሁ፣ ባለፈው፣ ሥራ ትቼ ጥሊሊ ድረስ። «እቴ፣ ይተዉት በእናትዎ፣ ሊታረቅዎት ፈልጎ እኮ ነው ዝም ያለው» አልኋት። ምን አለችኝ መሰለህ? «ዳኛው ልኮኝ ቢሆን እሺ። ሰው ልኮኝ ቢሆን እሺ። ማንም ሳይልከኝ ሄድሁ ማለት ግን ሙሉቀን፣ ተሸንፌ ሄድሁ ማለት ነው» አለች፣ እና አለቀሰች፣ እና «ፈረሱን ግን እውነት ሸጦታል? ያን ዳማውን?» ብላ ጠየቀችኝ። አባቴ ጋ ስመለስ እሱን ደግሞ «አንተ ሂድላት እንጂ አባዬ፣ ታላቅ ነህ» ስለው፣ «እንዴት ብዬ ልሂድ? ማን አዞኝ?» አለኝ። እነዚህ ሰዎች ትእዛዝ ነው የሚፈልጉት! ፍቅሩ አለ፣ ትእዛዙ ነው የጠፋው! ትእዛዙን ደግሞ ያጠፋኸው አንተ ነህ!

…ባጃጁ ሥራ ላይ አይደለም ወንድሜ፣ አላየህም እያወራሁ ነው? ጠብ ነው የማወራው፣ ጠብ፣ ና ካማረህ ግባ!…

ይበልጣል፣ ተናድጄ ነው። ይቅርታ… አይ፣ ይቅርታ አልልህም። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ረቡዕ ተሳፈርና ና። ነዳጅ የለም፣ ፈቃድ የለም አትበለኝ፣ የትራንስፖርትህን እኔ እችላለሁ። እናትህ ፊት ቁጭ በልና «እማዬ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትሁ፣ መዝገቡን ደግሜ አነበብሁት፣ ዳኛው ተቻቻሉ ያላችሁ ታረቁ ማለቱ ነው» በላት። ታምንሃለች። ሕግ የተማርኸው አንተ ነህ፣ እኔን አታምነኝም፣ እኔ ባጃጅ ነኝ። አንተን ታምንሃለች። ውሸት ነው ትለኛለህ። አዎ ውሸት ነው! አባቴ ግን አንዲት እሑድ በዚያች ውሸት ስር እህቱ አጠገብ ተቀምጦ ዶሮ በልቷል፣ አንተ እውነትህን ይዘህ ከመጣህ ወዲህ ግን ምግብ በደንብ አይበላም። ሐሙስ ያው ሚኒባስ ላይ ሊቀመጡ ነው፣ ትከሻ ለትከሻ። ከዚያ በፊት ና። ስማኝ አንተ። መልስልኝ። እየጠበቅሁ ነው፣ ባጃጄን እንዳቆምሁ።

(የይበልጣል መልስ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ በድምፅ የመጣ፦)

ሙሌ… ሰማሁት። እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ገብቶኛል፣ እመነኝ። ግን ዳኛ ያላለውን ብሏል ብዬ ለእናቴ መንገር አልችልም፣ ሙያዬ ነው፣ ይሄን ካደረግሁ ሰው አልባልም። ረቡዕም አይመቸኝም። አንድ ነገር ግን አሰብሁ… ለሐሙስ አጎቴ የይግባኝ መልሳቸውን አጽፈዋል? ካላጻፉ ለጠበቃ ሌላ ገንዘብ እንዳያወጡ፣ ያሳዝኑኛል፣ እኔ በነፃ እጽፍላቸዋለሁ። በነፃ ነው ሙሌ። ማታ በቴሌግራም እልክልሃለሁ፣ አንተ አሳትመህ ታስፈርማቸዋለህ። የእኔ ስም የትም አይገባም። ብቻ እናቴ እንዳትሰማ።